ለጀማሪ ፎቶ አንሺ እንዴት አስተያየት ይሰጣል? «አሪፍ ነው» ብቻ አይበቃም

አንድ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣብኛል። «ጓደኛዬ ፎቶ ማንሳት ጀምሯል፤ ያነሳውን እየላከ እንዴት ነው ይለኛል፤ ምን ልበለው?» ጠያቂዎቹ ሁለት ነገር መሃል ተይዘዋል። የታያቸውን በግልጽ ቢናገሩ ሰውየው ሊከፋው ነው። «አሪፍ ነው» ብለው ቢያልፉ ደግሞ እዚያው በነበረበት ይቀራል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በደረጃ ላስቀምጠው።

ከመነሻው አንድ መለኪያ ያዙ። አስተያየታችሁ የሚጠቅመው ባለፎቶው በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራውን ሲያነሳ ምን እንደሚቀይር ወይም ምን እንደሚደግም በትክክል ካወቀ ነው። ለዚህ ደግሞ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። ረጋ ብሎ ማየትና ያዩትን ሳያድበሰብሱ መናገር ነው ዋናው። የሚያስፈልገውን ቴክኒክ ከታች እየጠቀስኩ እሄዳለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው ፋይል። ፎቶ በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ብዙውን ጊዜ ይጨመቃል። «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። አለበለዚያ ብዥታው ከካሜራው የመጣ ይሁን ከመጨመቁ መለየት አትችሉም።
- የፎቶው መረጃ። የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ)፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፣ ጥርት የሚለው ርቀትም ይሰፋል)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ፎቶውን ምን ያህል እንደሚያበራው)፣ የሌንሱ ሚሊሜትር (ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል)። ስልክ ላይ ጋለሪ ውስጥ «ዝርዝር» የሚለውን ስትነኩ ይወጣል። ይህም ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ዋናውን ፋይል የምንፈልግበት ሁለተኛው ምክንያት ነው።
- ደህና ስክሪን። ብራይትነሱ መካከለኛ ይሁን፣ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው የማታ ሞድ ይጥፋ። እሱ በርቶ «ቀለሙ ቢጫ ነው» ብትሉ ጥፋቱ የስልካችሁ ነው።
- ማስታወሻ መጻፊያ።
- ማንም የማያቋርጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል።

1. መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ

«እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ብዙ ዓይነት ጥያቄ አለ። አንዱ ደስታውን ሊያካፍላችሁ ነው። ሌላው ለውድድር ሊያስገባው ነው። ሦስተኛው የሆነ ነገር ደስ ሳይለው ቀርቶ ምን እንደሆነ ጠፍቶበታል። ስለዚህ በአንድ አረፍተ ነገር አረጋግጡ፦ «እንዲሁ ልየው ወይስ የሚሻሻለውን ልንገርህ?»

ይህን መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ ያነሳ አባት ስለ ብርሃን ሊሰማ አልመጣም። ማስታወሻ ብሎ ያነሳው ፎቶ ላይ አስተያየት ከዘረገፋችሁ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም ላያሳያችሁ ይችላል።

ፎቶዎቹ ብዙ ከሆኑም እዚሁ ላይ «ሦስቱን ምረጥልኝ» በሉት። መምረጥ ራሱ የፎቶ ማንሳት ግማሽ ሥራ ነው፤ የመረጣቸውን ስታዩ ደግሞ ምን እንደሚወድ ይገባችኋል።

2. ማብራሪያ ሳትሰሙ እዩት

ባለፎቶው ታሪኩን ከነገራችሁ በኋላ የምታዩት ፎቶውን ብቻ አይደለም፣ የነገራችሁንም ነው። «እዚያ ጥግ ላይ ያለችው ወፍ...» ብሎ ከነገራችሁ ወፏን ታገኟታላችሁ። ሳይነግራችሁ ግን ላታዩአት ትችሉ ነበር፤ እሱ ማወቅ ያለበት ደግሞ ይህንን ነው።

ሁለት ጊዜ እዩ። በመጀመሪያ ትንሽ አድርጋችሁ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል መጠን። በዚያ መጠን ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃኑ፣ ጥላው፣ የነገሮቹ አቀማመጥ ብቻ ይቀራል። ፍሬሙ ቢዘበራረቅ ቶሎ ያስታውቃል። ቀጥሎ ስክሪኑን ሙሉ አድርጉና ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ ሲባል አጭር ይመስላል፣ ስትሞክሩት ግን ይረዝማል። ዙም አድርጎ ፎከስ መፈተሽ የመጨረሻው ሥራ ነው። በሱ ከጀመራችሁ ነጠብጣብ ስትቆጥሩ ፎቶው ያመልጣችኋል።

3. ያያችሁትን እንጂ የፈረዳችሁትን አትጻፉ

ማስታወሻው ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስፍሩ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያ ወዴት ሄደ? ምን ስሜት ሰጣችሁ?

«መጀመሪያ ያየሁት ከኋላ ያለውን ቀይ መኪና ነው። ሴትየዋን ቆይቼ ነው ያየኋት።» ይህ አስተያየት ነው። «ባክግራውንዱ መጥፎ ነው» ግን ፍርድ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፍርዱን ሊከራከራችሁ ይችላል፣ ዓይናችሁ የት እንዳረፈ ግን ሊከራከር አይችልም። ደግሞ ይህን ለማለት ስለ ካሜራ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ጀማሪ ለጀማሪ አስተያየት መስጠት የሚችለውም ለዚህ ነው።

4. አሁን ሐሳቡን ጠይቁ

«ምን ላሳይ ብለህ ነው ያነሳኸው?» በሉት። መልሱን ከማስታወሻችሁ ጋር አስተያዩ። እሱ የሴትየዋን ድካም ሊያሳይ ፈልጎ እናንተ መኪናውን ካያችሁ፣ በሐሳቡና በውጤቱ መካከል ክፍተት አለ። አስተያየታችሁ መሥራት ያለበት ያ ክፍተት ላይ ነው።

አንዳንዴ «ጥፋት» የመሰላችሁ ሆን ተብሎ የተደረገ ሆኖ ይገኛል። ጨለማውን ፈልጎት ነው፤ ብዥታውን እንቅስቃሴ ሊያሳይበት ነው። እንዲህ ሲሆን ጥያቄው «ትክክል ነው ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ተሳክቶለታል ወይ?» ይሆናል። ብዥታው በቂ ካልሆነ ስህተት ይመስላል፣ ስለዚህ «ጨምረው» ማለትም ተገቢ አስተያየት ነው።

5. ምክንያቱን ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ብዥ ብሏል» ብሎ ያቆማል። ባለፎቶው ብዥ ማለቱን እሱም አይቷል፤ ያላወቀው ለምን እንደሆነ ነው። ምክንያቱ ሲለያይ መፍትሔውም ይለያያል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ብዥታ ሲኖር። ሁሉም ነገር፣ ግድግዳውም ሰውም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። የተለመደው መነሻ፣ የሻተር ፍጥነቱ ከሌንሱ ሚሊሜትር በታች እንዳይወርድ ነው፦ በ50 ሚሊሜትር ቢያንስ 1/50፣ በ200 ቢያንስ 1/200 ሰከንድ። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አነስ ያለ ካሜራ ከሆነ ሚሊሜትሩን በ1.5 አባዙት። ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ብዥ ካለ ግን የተንቀሳቀሰው ሰውየው ነው። እዚህ ላይ ትራይፖድም (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ሆነ የሌንሱ ማረጋጊያ አይረዳም፤ ፍጥነቱን መጨመር ብቻ ነው። ለሚራመድ ሰው 1/250፣ ለሚሮጥ ልጅ 1/500ና ከዚያ በላይ ጥሩ መነሻ ነው። ጆሮው ጥርት ብሎ ዓይኑ ብዥ ካለ ፎከሱ ቦታውን ስቷል። አፐርቸር 1.8 ላይ ፊት ከቅርብ ሲነሳ ጥርት የሚለው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ወይ የፎከስ ነጥቡን ዓይኑ ላይ ያድርግ፣ ወይ አፐርቸሩን ወደ 2.8 ወይም 4 ይውሰደው። ምንም አቅጣጫ የሌለው፣ ጉም የለበሰ የሚመስል፣ መብራቶች ዙሪያ የተቀባ ብርሃን ያለበት ፎቶ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ በስልክ ከተነሳ፣ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። በለስላሳ ጨርቅ ይጥረገው፣ አለቀ።

ብርሃን ላይ። ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ የወጣ ሰማይ በጄፔግ (በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ከተነሳ አይመለስም፤ እዚያ ቦታ ላይ የተመዘገበ ዝርዝር የለም። በሮው (ካሜራው የመዘገበውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ ፋይል) ከተነሳ ጥቂት ሊተርፍ ይችላል። በስልክ ለሚያነሳ ሰው «ብሩህ የሆነውን ቦታ ንካና ብርሃኑን ዝቅ አድርገህ አንሳ» ማለት ይበቃል። ፊቱ የጠቆረ ሰው ከኋላው መስኮት ካለ መፍትሔው ኤዲት አይደለም። ሰውየውን ወደ መስኮቱ ማዞር ነው። እኩለ ቀን ላይ ዓይኖች ጥላ ውስጥ ገብተው ጉድጓድ ከመሰሉ ወደ ጥላ ቦታ መሄድ ነው።

ነጠብጣብ (ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው) ሲበዛ። ሁሉም አይኤስኦን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ፎቶው ጨለም ብሎ ተነስቶ በኋላ በኤዲት እንዲበራ መደረጉ ነው። አይኤስኦን ከፍ አድርጎ በትክክለኛው ብርሃን ማንሳት ከዚያ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። አይኤስኦ ዝቅ ይበል ተብሎ ፍጥነቱ ወርዶ ብዥ ያለ ፎቶ ደግሞ ከነጠብጣቡ የባሰ ነው።

ባክግራውንድና ጠርዝ። ከጭንቅላት የበቀለ የሚመስል ምሰሶ በአንድ እርምጃ ወደ ጎን ይጠፋል። አራቱን ጠርዞች በዓይናችሁ ዙሩ። ግማሽ እጅ፣ የተቆረጠ እግር፣ ጥግ ላይ የቀረ ላስቲክ አለ? ሰው ሲቆረጥ መገጣጠሚያ ላይ (ጉልበት፣ ክርን፣ ቁርጭምጭሚት) ከሆነ አካሉ የጎደለ ይመስላል፤ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይታወቅም።

አፍንጫ ሲገዝፍ። ፎቶው ላይ ያለችው «አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?» ካለች ምክንያቱ ርቀት ነው። ካሜራው ፊት ላይ በጣም ሲቀርብ አፍንጫ ከጆሮ አንጻር በጣም ቅርብ ይሆናል። ወደ ኋላ ሄዶ ዙም ማድረግ ያስተካክለዋል።

ቀለም ላይ። የፊቱ አንድ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካንማ ከሆነ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ተቀላቅሏል። የነጭ ማስተካከያው (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙን የሚያስተካክለው ሴቲንግ) አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል፣ ስለዚህ አምፖሉን ማጥፋት ይቀላል።

የአድማስ መዛባትን ብዙ አላብራራም። በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን የፍርግርግ መስመሮች ያብራ።

6. አንድ ምረጡ፣ ቢበዛ ሁለት

ደረጃ 5ን ስትጨርሱ ሰባት ነገር ጽፋችሁ ይሆናል። ሰባቱንም አትንገሩት። ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ሰባት ነገር በአንዴ ማሰብ አይችልም። አንድ ነገር ይዞ ከወጣ ያስተካክለዋል፤ ሰባት ይዞ ከወጣ ግራ ይጋባል።

የትኛውን? በኤዲት የማይስተካከለውን አስቀድሙ። ትንሽ ማዘንበል፣ ክሮፕ (ጠርዙን ቆርጦ ማጥበብ)፣ ትንሽ ጨለማ በኋላ ይስተካከላሉ። የስሜቱ ቅጽበት፣ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ የቆመበት ቦታ፣ የሳተ ፎከስ ግን እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚወሰኑት። ከነዚህ ውስጥ ደረጃ 4 ላይ ያገኛችሁትን ክፍተት የፈጠረውን ምረጡ። ሌላው ለሌላ ቀን ይቆይ።

7. በአራት ቁራጭ ተናገሩት

ያየሁት፣ ያመጣው ውጤት፣ ምክንያቱ፣ የሚሞከረው። በዚህ ቅደም ተከተል ስትናገሩ ወሬው ስለ ፎቶው ይሆናል፣ ስለ ሰውየው አይሆንም።

እንዲህ አትበሉ፦ «ባክግራውንዱን አበላሽተኸዋል። ትንሽ ብትጠነቀቅ ጥሩ ነበር።»

እንዲህ በሉ፦ «መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ቀዩ መኪና ላይ ነው፣ ስለዚህ የሴትየዋን ፊት ዘግይቼ ነው ያየሁት። በፍሬሙ ውስጥ ከሁሉም ደማቅ ቀለም እሱ ስለሆነ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትሄድ መኪናው ከኋላዋ ይደበቅ ነበር።»

ጥሩውንም በዚሁ መንገድ ተናገሩ። «ያምራል» ብትሉት ደስ ይለዋል፣ ግን ምን እንዳሳመረው አያውቅም። «ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ የእጇ ቆዳ መስመሮች ጎልተው ወጥተዋል» ካላችሁት ግን ነገም የጎን ብርሃን ይፈልጋል። ብዙ ጀማሪዎች ጥሩ ነገር የሚሠሩት በአጋጣሚ ነው፤ ያ አጋጣሚ ልማድ የሚሆንላቸው የሚነግራቸው ሰው ሲገኝ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰስታል፣ ያሳዝነኛል። ወቀሳን ለማለስለስ የሚፈጠር ሙገሳ ግን ቶሎ ይታወቃል፣ ቀጥሎ የምትሉትንም ያስጠረጥራል። እውነት የሆነውን ብቻ በሉ።

8. የሚሞከር ነገር ሰጥታችሁ ተመልሳችሁ እዩ

«በሚቀጥለው ጊዜ ከመጫንህ በፊት ጠርዞቹን አንዴ ዙር» ዓይነት ትንሽ፣ ቁርጥ ያለ ሥራ ስጡት። ከቻለ ያንኑ ነገር ደግሞ ያንሳውና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ልዩነቱን በራሱ ዓይን ሲያየው ከናንተ ቃል የበለጠ ይገባዋል። ደግሞ ምክራችሁ ልክ መሆን አለመሆኑን እናንተም የምታረጋግጡት በዚህ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ካልተሻለ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፤ ምክንያቱ ሌላ ነበር ማለት ነው።

ተጠንቀቁ

- የሰውን ፎቶ ሳታስፈቅዱ ኤዲት አድርጋችሁ አትላኩ። ቢያምርም «ያንተ አልሆነም፣ የኔን እየው» የሚል መልእክት አለው። ከፈቀደ ግን ክሮፕ አድርጎ ማሳየት ጥሩ ማስተማሪያ ነው።
- ፎቶው ላይ ስላለው ሰው መልክ፣ ክብደት ወይም አለባበስ ምንም አትበሉ። እህቱ ልትሆን ትችላለች።
- ዋናው ፋይል የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፉት። ልጆች ያሉበት ከሆነ በተለይ።
- ወቀሳ ያለበትን አስተያየት ሰው ፊት ወይም ግሩፕ ውስጥ አትናገሩ፣ እሱ እዚያ ካልጠየቀ በቀር። ሰው ሲሰበሰብ ሰውየው ክብሩን ሲከላከል ይውላል እንጂ አይሰማችሁም።
- «ወደ ፀሐይ ዞረህ አንሳ» ብላችሁ ከመከራችሁ፣ በመስታወት የሚሠራ የካሜራ መመልከቻ ካለው በሱ ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳያይ ንገሩት። ረጅም ሌንስ ሲኖር ዓይን ይጎዳል። በስክሪኑ ይመልከት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«ካሜራ ቀይር» ማለት። ደረጃ 5 ላይ ያየናቸው አብዛኞቹ ችግሮች በአዲስ ካሜራ አይጠፉም። ምሰሶው ውድ ካሜራም ላይ ከጭንቅላት ይበቅላል።

የአንድ ሦስተኛ ደንብን (ፍሬሙን ሦስት ቦታ ከፍሎ ርዕሰ ጉዳዩን ከመሃል ይልቅ ከመክፈያ መስመሮቹ አንዱ ላይ ማድረግን) እንደ ሕግ መያዝ። ርዕሰ ጉዳዩ መሃል ላይ ሆኖ የሚያምር ፎቶ ሞልቷል፣ በተለይ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ሲሆን። መሃል መሆኑ ምን እንዳጎደለ መናገር ካልቻላችሁ ደንቡን አታንሱት።

የራስን ምርጫ እንደ እርማት ማቅረብ። «እኔ ብሆን ጥቁርና ነጭ አደርገው ነበር» ከማለታችሁ በፊት እሱ ሊያሳይ የፈለገውን ይረዳዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቀለሙ የፎቶው ዋና ነገር ከሆነ ምክራችሁ ያጠፋዋል።

ለድካሙ ነጥብ መስጠት። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ተራራ ወጥቶ ያነሳው ሊሆን ይችላል። ተመልካች ግን ድካሙን አያይም፣ ፎቶውን ነው የሚያየው። ድካሙን ለብቻው አመስግኑ፣ ፎቶውን ለብቻው ተመልከቱ።

ከባለሙያ ጋር ማወዳደር። ማወዳደር ከፈለጋችሁ ከወር በፊት ካነሳው ከራሱ ፎቶ ጋር አወዳድሩ፤ ያ የት እንደደረሰ ይነግረዋል።

ቢከራከራችሁስ? አትከራከሩት። «እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፣ ሌላ ሁለት ሰው አሳይና ዓይናቸው የት እንደሄደ ጠይቃቸው» በሉት። ሦስታችሁም መኪናውን ካያችሁ ነገሩ ይገባዋል። እነሱ ሴትየዋን ካዩ ደግሞ ምክራችሁን ይተወው።

እና ምንም የሚታረም ነገር ካላገኛችሁ፣ ፈልጋችሁ አትፍጠሩ። «የምቀይረው አላየሁም» በሉና ለምን እንደሠራ በደረጃ 7 መንገድ ንገሩት።